የቅቤ እጅ

ቅቤ ሰው ይጎዳል የሚል ሰው ቆቦ ውስጥ ይኖራል ብላ አስካለ በሕልሟም አስባ አታውቅም ነበር። ራሱን ያመመው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። አራስ በቅቤ ትታሻለች። ሙሽራ ያለ ቅቤ ከቤት አትወጣም። ሐዘን የከረመባት ሴት ወደ ሰው መመለሷ የሚታወቀው ፀጉሯን ቅቤ ያስነካች ቀን ነው። አስካለ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆቦ ገበያ ተቀምጣ ቅቤ የሸጠች ሴት ናት። ከዞብል በኩል የመጣውን ከዋጃ ከመጣው ዓይኗን ጨፍና በጠረኑ ትለያለች። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን በጥፍሯ ጫፍ ነክታ ታውቀዋለች፤ ካወቀች ደግሞ ሻጩን ገበያው መሀል አቁማ ሳታዋርደው አትለቀውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው የመድኃኒት ቤቷ ራቢዓ «ቅቤውን ይተዉት» ያለቻት።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ልጇ ፍሬሰላም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። ለጥምቀት ተሠርታ፣ ተቀብታ፣ እንደ ጨረቃ ደምቃ ወጣች። ከሳምንት በኋላ ግንባሯ ላይ ፍንጥር ፍንጥር ያለ ነገር ታየ። ብጉር ነው፣ የማንም ልጅ ይወጣበታል አሉ። ሚያዝያ ሲገባ ግንባሯን ጨርሶ በጆሮ ግንዷ ወርዶ ጉንጮቿን ያዘ። አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ጫፉ ነጭ፣ አንዳንዱ ከሥር እንደ ባቄላ ጓጉሎ ሲነኩት የሚያስለቅስ።

የትምህርት ቤት ወንዶች ስም አወጡላት። «ዘንጋዳ» አሏት። ዘንጋዳ ያ ቀዩ ማሽላ ነው፤ እሸቱ ራሱ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ሲቀላ ማየት ነው። እሷ በበሩ ስትገባ አንዱ «ዘንጋዳው ደረሰ!» ይላል፤ ሌላው «ወፍ ጠብቁ!» ይላል። ፍሬሰላም በዚያ በግንቦት ሙቀት፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚንከራተትበት ሰዓት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መሄድ ጀመረች። የዓመቱን ፈተና ተከናንባ ተፈተነች። መጨረሻውን ወረቀት አስረክባ ቤት የገባች ቀን ነጠላዋን አልጋው ላይ ወረወረችና ቃሏን ሰጠች።

«ከዛሬ ወዲያ ከዚህ ቤት አልወጣም። መስከረም ላይም አልመዘገብም።»

«ምን አልሽ?»

«ትምህርቱ ይቅርብኝ አልኩ።»

አስካለ ትምህርት የተወችው ከሦስተኛ ክፍል ነው፤ ተዪ ስለተባለች። ስሟን ትጽፋለች፤ ከዚያ ያለፈውን ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ይህችን ልጅ እዚህ ለማድረስ በፀሐይ የተቀመጠችውን መቀመጥ እሷ ታውቀዋለች። እና በብጉር! በወባ አይደለ፣ በጦርነት አይደለ፣ በብጉር ልጄ ትምህርት ትተው?

ለነገሩ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችበት ቀን አልነበረም። መጀመሪያ ሎሚ ቆርጣ ፈተገቻት፤ ፊቷ ተቃጥሎ ሁለት ቀን ተላላጠ። ሬት ቆርጣ ቀባቻት፤ ልጅቷ ሌሊቱን ምሬቱን ስትተፋ አደረች። ገበያ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ ቅመም የምትሸጠው አስረሳሽ «ፌጦ ነው መድኃኒቱ፣ የኔን እህት ያዳናት እሱ ነው» አለች፤ ፌጦው ተደቁሶ ተለጠፈ፤ ፍሬሰላም «እሳት! እሳት!» እያለች ግቢውን ዞረችው። እንቁላል ተቀባች፤ ዝንብ ሰፈረባት። አባቷ ሞላ ሮቢት ዳር ማሽላ ስለሚያርስ ሳምንቱን እዚያው ነው የሚሰነብተው፤ ቅዳሜ ሲመጣ የልጁን ፊት ገልጦ አየና «ብጉር እኮ ነው፣ ያልፋል» አለ።

«ያልፋል ትላለህ!» አለች አስካለ። «አንተ ምን አለብህ፣ ማሽላህ ውስጥ ትደበቃለህ። ዘንጋዳ የሚሏት እሷን ነው እንጂ አንተን አይደል!»

ከዚያ አንድ ክሬም መጣ። መዋቢያ የሚሸጥበት ሱቅ ያለው ጎረምሳ «ፊት የሚያፈካ» ብሎ ሰጣት። ኧረ እሱስ ጉድ ነው! በሰባተኛው ቀን ብጉሩ ጠፋ፣ ቆዳዋ ጠራ። አስካለ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገበያውን አላስቀመጠችውም፤ ቅቤ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ስለ ክሬሙ ታወራለች። ክሬሙ አለቀ። ባለቀ በአራተኛው ቀን ፊቷ ፈነዳ። የድሮው አልበቃ ብሎ አገጯም አንገቷም ቀላ። ፍሬሰላም መስታወቱን ከግድግዳው አውርዳ በግንባሩ ደፋችው። ጎረምሳው ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሌላ ይግዙላት።»

እናት ናትና፣ ልጇ ባዘነች ቁጥር አንድ የማታጓድለው ነገር ነበረ። በየቅዳሜው ከምርጡ ቅቤ ታነሳና፣ ፍሬሰላምን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ አናቷን በእፍኝ ትቀባታለች። ይበልጥ ባዘነች ሳምንት ይበልጥ ትጨምርላታለች። የቆቦ ሙቀት ያው የቆቦ ሙቀት ነው፤ ገና ረፋዱ ላይ ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ ይወርዳል። ልጅቷ ልትጠርገው ስትል አስካለ እጇን ትመታታለች። «ተይው ይውረድ! ፊትሽንም ያለሰልስልሻል።»

ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው እንግዲህ ራቢዓ ዘንድ የሄዱት። መድኃኒት ቤቷ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። የራቢዓን እናት አስካለ ታውቃታለች፤ ደንበኛዋ ነበረች። ራቢዓን ከጀርባ ላይ ሳለች ጀምሮ ነው የምታውቃት። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው፤ ትናንት አዝላ ያባበለቻት ልጅ ዛሬ ነጭ ልብስ ለብሳ ትመክራታለች።

ራቢዓ ፍሬሰላምን ወንበር ላይ አስቀምጣ ነጠላውን ቀስ አድርጋ ገለጠችው። ግንባሯን አየች። ጉንጮቿን ወደ ብርሃን አዙራ አየች። የፀጉሯ መነሻ ላይ ጣቷን አሳረፈችና ጣቷን አሸተተችው።

«እትዬ አስካለ፣ እስካሁን ምን ምን ቀባችኋት?»

አስካለ ዘረዘረችላት። ክሬሙ ላይ ስትደርስ ራቢዓ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ሱብሃነላህ! ያ እኮ ለብጉር የሚሆን አይደለም። ውስጡ ስቴሮይድ የሚባል አለበት። መጀመሪያ ጠፋ ያሰኛል፤ ሲተዉት ከነወንድሞቹ ይመለሳል።»

«ተመልሷል። ከነአማቾቹ!»

ፍሬሰላም ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው አፏን ሸፈነች።

ራቢዓ አንድ ቱቦ አወጣች። «ይሄ ቤንዞይል ይባላል። ጠዋትና ማታ ፊትሽን በለስላሳ ሳሙና ትታጠቢያለሽ። አትፈትጊው፤ ቆሻሻ አይደለም በፍትጊያ የሚለቅ። አታፍርጪው፤ ጠባሳ የሚያስቀረው እሱ ነው። ማታ ፊትሽ ሲደርቅ ከዚህ የአተር ፍሬ የምታህል አውጥተሽ መላ ፊትሽ ላይ ስስ አድርገሽ ትቀቢያለሽ። ብጉሩ ላይ ብቻ አይደለም፣ ገና ያልወጣውም አለ። መጀመሪያ ያደርቃል፣ ትንሽ ያቃጥላል። ከበዛብሽ አንድ ቀን እያሳለፍሽ ቀቢው። ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ካልተሻለሽ ወደ ቆዳ ሐኪም እንልክሻለን።»

«ስምንት ሳምንት!» አስካለ ከወንበሯ ተነሳች። «ማሽላ ነው እንዴ የዘራሁት? ያኛው በሰባት ቀን ነው ያጠፋው!»

«ያኛው ስለዋሸዎት ነው የፈጠነው እትዬ። ሌላም አለ። ቅቤውን ይተዉት።»

«የቱን ቅቤ?»

«ፀጉሯ ላይ የሚያደርጉላትን። በዚህ ሙቀት ቀልጦ ፊቷ ላይ ነው የሚወርደው፤ የቆዳዋን ቀዳዳ ይደፍነዋል። አንቱ ራስዎ ይዩት እስቲ። ብጉሩ የጀመረው ከፀጉሯ ሥር ነው፣ በጆሮ ግንዷ አድርጎ ወረደ። ቅቤው የሄደበትን መንገድ ነው የሄደው።»

አስካለ አላየችም። ማየት አልፈለገችም። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ቅቤ ስትቀባሽ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ከማን ገዝታ? ከኔ! ብጉር ወጣብሽ?»

«እኔ ላይ አልወጣም። የሰው ቆዳ አንድ አይደለም እትዬ፤ አንዱን የማይነካው አንዱን ይነካዋል። ወላሂ ቅቤዎን ልሰድብ አይደለም።»

«ሰደብሽው እንጂ!»

ቱቦውን ግን ይዛው ወጣች። መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ፍሬሰላም ቀስ ብላ «እማ፣ ቅቤውን ለስምንት ሳምንት ብቻ እንተወው» አለቻት። አስካለ ከባጃጁ ሲወርዱ «እሺ፣ ስምንት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ራቢዓን እጠይቃታለሁ» አለች። ቆጠረችው። ስምንት ሳምንቱ የሚያልቀው ሶለል ላይ ነው።

ሶለል ማለት የቆቦ ልጃገረዶች በዓል ነው። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ልጃገረዶቹ ተሠርተው፣ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ይዘፍናሉ። ባለፈው ዓመት የሰፈራቸውን ልጆች የመራችው፣ ግጥሙን የምታወጣው ፍሬሰላም ነበረች። አስካለ በሆዷ ይህን ያዘች፤ ለሶለል ፊቷን ለሰው ካሳየች መስከረም ላይም ትወጣለች። ለሶለል ከቀረች ቀረች።

መድኃኒቱን የተቀባችበት የመጀመሪያው ቀን ፍሬሰላም ቶሎ ይዳን ብላ የቱቦውን እኩሌታ አወጣችው፤ ጠዋት ፊቷ እንደ በርበሬ ሆኖ ተነሳች። አስካለ ቱቦውን ነጥቃ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። «ከዛሬ ወዲያ የምቀባሽ እኔ ነኝ። አንቺ አትችዪበትም።» እንዳለችውም አደረገች። በየቀኑ አመሻሹ ላይ ከገበያ ትገባለች፣ እጇን በጆግ ውሃ ትለቃለቃለች፣ ልጇን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ የአተር ፍሬ የምታህል አውጥታ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን በሁለት እጇ ታዳርሳለች። አንድ ቀን አላጓደለችም። ዝናብ ሲያስቸግር አላጓደለችም፣ ራሷን ሲያማት አላጓደለችም። ፍሬሰላም ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ፊቷን ትሰጣታለች።

ሁለት ሳምንት ሞላ። ቆዳዋ ደረቀ፣ ተላላጠ፤ ራቢዓ ብላ ነበር፣ ይሁን። ሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ምንም። አራተኛው መጣ። ግንባሯ ትንሽ ቀለል አለ፣ ጉንጯና አገጯ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም አስካለ አጥብቃ የምታሸው ቦታ ላይ አዳዲስ ወጣ። የልጅቷ ፀጉር ደግሞ ያለ ቅቤ ደርቆ እንደ ጭድ ተንጨባረረ። አስካለ ገበያ ተቀምጣ ለሰው ልጅ ቅቤ ስትመዝን በገዛ ልጇ ፀጉር አንጀቷ ይቃጠላል። ቅቤውም ቀረ፣ ብጉሩም አልሄደ! አስረሳሽ በዚያ ላይ ትጨምርበታለች።

«አስኩ፣ ያንቺ ልጅ ፀጉር ምን ነካው? ለሌላው ስትሸጪ ለቤትሽ አጣሽ?»

«በርበሬሽን ጠብቂ አንቺ፣ ዝናብ እየመጣ ነው።»

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አስካለ የልጇን ትራስ ልታጥብ አነሳችው። ቀይ አበባ ያለበት የትራስ ልብስ ነበር፤ ሞላ ከአላማጣ ያመጣው። አበባዎቹ የፍሬሰላም ጉንጭ በሚያርፍበት በኩል ነጥተዋል። የጠፋ እሳት አመድ መስለዋል።  ጨርቅ እንዲህ ያደረገ ነገር ሥጋን ምን ያደርጋል? ትራሱን ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ በቆቦ መሀል ቁልቁል ነጎደች። ባጃጅ ነጂው «እትዬ አስካለ፣ ምነው ከነትራስ? ሊያድሩ ነው?» ቢላት «አንተን አፍኜ ልገድልህ ነው!» ብላው አለፈች።

መድኃኒት ቤት ገብታ ትራሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ይሄን አየሽ? ጨርቅ በላ! የልጄን ፊት ልታስበዪኝ ነበር!»

ራቢዓ አበባዎቹን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ፤ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። መድኃኒቱ ጨርቅ ያነጣል። ቆዳ ግን አያነጣም፣ አይበላም። ትራሱን ነጭ ጨርቅ አልብሱላት፤ የነጠላዋን ጥበብ ከፊቷ ያርቁት።»

«ታዲያ አበባውን ሲያጠፋ ብጉሩን ለምን አያጠፋም? አምስት ሳምንት! ቅቤ አልሽ፣ ቅቤ ተውን። አታፍርጪ አልሽ፣ አላፈረጠችም። አንድ ቀን ሳላጓድል በገዛ እጄ ነው የምቀባት። በነዚህ እጆቼ!» ብላ ሁለት እጇን ራቢዓ ፊት ዘረጋች። ድምጿ ተሰበረ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ራቢዓ ልታረጋጋት ብላ እጆቿን ያዘች።  በአውራ ጣቷ የአስካለን መዳፍ ዳበሰችው። ጣቷ ተንሸራተተ።

«ከገበያ እንደመጡ ነው የሚቀቧት?»

«አዎ።»

«እጅዎን ታጥበው?»

«ታጥቤ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ራቢዓ ከመጠቅለያው ቡናማ ወረቀት ቆረጠችና የአስካለን መዳፍ ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጋ አነሳችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አነሳችው። የአምስቱ ጣት፣ የመዳፉ፣ የመስመሩ ሁሉ ምልክት በወረቀቱ አለፈ፤ ብርሃኑ ዘይት በጠጣ ወረቀት እንደሚያልፍ በእጇ ቅርጽ አለፈ። ጠዋት ነበር። አስካለ ገና ገበያ አልወጣችም። ይህ የትናንቱ ነው፣ የትናንት ወዲያው፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ።

አስካለ ወረቀቱን ብዙ አየችው።  ስድብ ፈለገች፣ አላገኘችም። ወረቀቱንም ትራሷንም ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ፍሬሰላም ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። አስካለ መቀነቷን ፈታ ቱቦውን ምስሩ ላይ ጣለችው።

«እንቺ። ራስሽ ተቀቢ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። አስካለ ወረቀቱን አሳየቻት፤ ራቢዓ ያለቻትንም ያላለቻትንም ነገረቻት። ፍሬሰላም ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጎተተች።

«ይሸተኝ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«እጅሽ። ስትቀቢኝ ቅቤ ቅቤ ይለኝ ነበር። ትንፋሼን የምይዘው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ አፍሽ የት ነበር?»

«ደክሞሽ መጥተሽ ነዋ የምትቀቢኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

አስካለ ጓዳ ገብታ ውሃ አሞቀች። በሳሙና ታጠበች፣ በአመድ ታጠበች፣ እንደገና በሳሙና ታጠበች፤ እጇን አሸተተችው፤ ጠረኑ ነበረ። የሳሙናውን ሳህን ግድግዳ ላይ ወረወረችው።

ከዚያ ወዲያ ፊቷን ልጅቷ ራሷ ያዘችው። ጠዋት ትታጠባለች፣ ማታ ትታጠባለች፣ የአተር ፍሬ ታወጣለች። አስካለ ሦስት ክንድ ርቃ ተቀምጣ «እዚያ ጋ ዘለልሽ! አገጭሽስ?» ትላለች፤ አትነካትም። ሐምሌ አልቆ ጾሙ ሲገባ አዳዲሱ መውጣት አቆመ። ከሥር ያበጠው ሟሸሸ። መስታወቱ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ተመልሶ ተገኘ፤ ማን እንደሰቀለው ማንም አልጠየቀ። ፊቷ ጨርሶ አልጠራም፤ ጥቋቁር ምልክቱ ጉንጯ ላይ አለ፣ አገጯ ላይ ሦስት አራት የሚሆን አለ። ራቢዓ ምልክቱ በወራት እንጂ በቀናት አይለቅም ብላለች። አስካለ ይህን ስትሰማ «አንቺና ወራትሽ!» ከማለት ሌላ አልጨመረችም።

የሶለል ዋዜማ እኩለ ቀን ላይ ፍሬሰላም ማበጠሪያ ይዛ መጥታ ጉልበቷ መሀል ተቀመጠች። አስካለ እጇን በሙቅ ውሃ አራት ጊዜ ታጥባ ነበር። መሥራት ጀመረች። ደረቅ ፀጉር አይገራም፤ ይሾልካል፣ ይቆማል፣ ልጅቷ «አይ! አይ!» ትላለች። ሁለት መስመር እንደሠራች ፍሬሰላም ዞር ሳትል «እማ፣ ያስቀመጥሽልኝን ቅቤ አምጪው» አለች።

አስካለ በየዓመቱ ለልጇ ሶለል ከቅቤው ሁሉ አንዱን መርጣ፣ በቅጠል ጠቅልላ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ታስቀምጣለች። ዘንድሮም በልማድ አስቀምጣለች። ልጅቷ አይታለች።

«ለወጥ ነው እሱ።»

«ውሸትሽን ነው። ለኔ ነው ያስቀመጥሽው። አንድ ቀን ብቻ እማ። ሁሉም ተቀብተው እያበሩ እኔ እንደ ክምር ጭድ ልውጣ? የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ ደረቅ ፀጉር! ዘንጋዳ ሲሉኝ ከረሙ፣ አሁን ደግሞ አገዳ ይበሉኝ?»

የአስካለ እጅ ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ልጅ መርጣለች፤ ከዚህ የተሻለ ቅቤ መርጣ አታውቅም። ስድስት እርምጃ ነው ጓዳው። ልጇ በአፏ ጠየቀቻት። ራቢዓ የለች፣ ማንም አያይ።

«አላመጣም» አለች።

«እንግዲያው አልወጣም!»

«አየሽ! አየሽ ምን እንደምታደርጊኝ!» አስካለ ማበጠሪያውን መሬት ላይ መታችው። «ብቀባሽ ፊትሽ ይመለሳል፤ መስከረም ትቀሪያለሽ። ባልቀባሽ ዛሬ ትቀሪያለሽ፤ መስከረምም ትቀሪያለሽ። እኔን ወዴት ሂጂ ነው የምትዪኝ? ንገሪኛ!»

 ሹሩባው ግን በደረቁ ተሠርቶ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ከበሮው ገና ከታችኛው ሰፈር ሲሰማ አስካለ ጓሮ ሄደች። ሻሿን ፈታች። የራሷ ፀጉር ያለ ቅቤ የዋለው እናቷ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ሙቅ ውሃ አፈሰሰችበት፣ በሳሙና አሸችው፣ አፈሰሰች፣ ደገመች። ቅባት የያዘ ውሃ ከግቢው በቦይ ወረደ። ፀሐይ ላይ ቆማ በጣቷ ስትበትነው ፀጉሯ ወደ ላይም ወደ ጎንም ቆመ። ሻሽ አላሰረችም። እንዲሁ ሆና የግቢውን በር ከፈተች።

ልጃገረዶቹ በራፉ ላይ ደርሰዋል፤ ከፊት የፍሬሰላም ጓደኛ መቅደስ ከበሮ ይዛለች። ከኋላቸው ሴቶች ሊያዩ ወጥተዋል፤ አስረሳሽም አለች። አስካለን ሲያዩ ከበሮው ዝም አለ። ደረቅ የተፈታ ፀጉር ማለት እዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አስረሳሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ውይ አስኩ! ማን ሞተብሽ?»

«ብጉር።»

«ምን?»

«የልጄ ብጉር። ገና ነፍሱ አልወጣችም፣ እያጣጣረ ነው። ለቀስተኛ አልጠራሁም፣ አርፈሽ ሶለልሽን እዪ!»

አንዷ ልጅ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ከቤት ውስጥም የሳቅ ድምፅ መጣ። ፍሬሰላም በሩ ላይ ቆማለች፤ ለብሳ ነው፣ ሳይነግሯት ለብሳለች፤ ነጠላዋ ግን እስከ አፍንጫዋ ነው። እናቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«እማ! ጎፈሬ ያበጠረ የራያ ጎበዝ መሰልሽ እኮ! ዱላ ብቻ ነው የቀረሽ!»

«አርፈሽ ውጪ፣ ዱላውን ሳላመጣልሽ።»

ልጅቷ ደፉን ተሻገረች። መቅደስ ከበሮውን ዘረጋችላት። ከበሮ በአንድ እጅ አይመታም። ፍሬሰላም ለአፍታ ቆመች፣ ነጠላዋን ለቀቀችው፤ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ምልክት፣ ያ አገጯ ላይ ያለው ቀይ፣ ፀሐዩ ላይ ወጣ። አስካለ ትንፋሿን ይዛ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንዷ እንኳ አፏን ብትከፍት ምን እንደምትላት በልቧ ደርድራ ነበር። ማንም አልከፈተም። ከበሮው ተመታ። ሄዱ።

አስካለ ያንኑ ፀጉሯን ይዛ ገበያ ወጣች። የሶለል ቀን የቅቤ ቀን ነው፤ ገዢው ተሰልፏል። ፊት ያለችው ሴት የአሥራ አራት ዓመት የምትሆን ልጇን ይዛለች።

«ለፀጉር የሚሆን ስጪኝማ፣ የሚሸት እንዳይሆን።»

አስካለ ቅጠሉን አነሳች። ልጅቷን አየቻት። ግንባሯ ላይ፣ ልክ ከፀጉሯ ሥር፣ ፍንጥር ፍንጥር ብሏል። አስካለ ዓይኗን ዘወር አደረገች፤ መልሳ አየች። በሆዷ ራቢዓን ረገመቻት።

«ለወጥ ነው የምሸጥልሽ» አለች።

«ኧረ ለፀጉሯ ነው ያልኩሽ!»

«ሰምቻለሁ። ግንባሯን አይተሽዋል?»

ሴትየዋ «ደግሞ የራሷን ፀጉር ሳታይ የምትናገር!» ብላ አፏን አጣማ ልጇን እየጎተተች ወደሌላ ቅቤ ነጋዴ ሄደች። አስረሳሽ ከአጠገቧ ከት ብላ ሳቀች። አስካለ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ አሸተተችው፤ እንደገና ጠረገችው። ከአውራ ጎዳናው ማዶ የከበሮ ድምፅ እየቀረበ ነበር፤ ግጥሙን የምታወጣውን ልጅ ድምፅ ለየችው።